በ30 ሺህ ብር አሮጌ የጌም ኮምፒውተር ይነሳል ወይ?

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አለኝ፤ ሚኒ ታወር የሚባለው፣ ትልቁ ኬዝ። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲያገለግል ቆይቶ በዱባይ በኩል ከሚመጡት አንዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ያውም አንድ ፍሬ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጊጋ። ዶታ 2 እና ጂቲኤ 5 እንደ ነገሩ ይሄዳሉ። ካውንተር ስትራይክ 2 ግን አላጫውት ብሎኛል። ጭስ በተወረወረ ቁጥር ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ሲመለስ ሞቼ ነው የማገኘው። እጄ ላይ 30 ሺህ ብር አለ። አንድ ደላላ አርኤክስ 580 የሚባል ግራፊክስ ካርድ፣ ባለ 8 ጊጋ፣ አገኘሁልህ ብሎኛል። የእኔ ሐሳብ ብሩን በሙሉ ካርዱ ላይ ማዋል ነው፤ ሌላው ይደርሳል። ምን ትላላችሁ?

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። መልሱ ጎረፈ። ሁሉንም ለማንበብ የሰለቻችሁ ሰዎች ባጭሩ ንገረን እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለጻፋችሁልኝ፣ በየቁጥሩ እነሆ። ስድቡን አብዛኛውን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 1 የጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ስለ ካርድ ከማሰቤ በፊት የኬዙን ጎን ከፍቼ ፓወር ሳፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳነብ መከረኝ። የዚህ ሞዴል ፓወር ሳፕላይ ብዙውን ጊዜ 290 ዋት እንደሆነ፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም እንደማይወጣው ነገረኝ። አርኤክስ 580 ደግሞ ብቻውን እስከ 185 ዋት ይበላል።

መልስ 2 ይህን ሁሉ ናቀው። እሱ 580 እየተጠቀመ ዓመታት አልፈውታል፤ አንድም ቀን አላስቸገረውም። ገመድ ከሌለ የሃርድ ዲስኩን የኃይል ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር መሰኪያ በርካሽ ስለሚሸጥ፣ ዝም ብዬ እንድገዛ ገፋፋኝ። ከስሩ የሳቅ ምልክት ደርድሯል።

ቁጣው የጀመረው መልስ 3 ላይ ነው። ጸሐፊው ጥገና ቤት የሚውል ሰው ይመስላል። እንደ እሱ አባባል የሳታ የኃይል መሰኪያ፣ ማለትም ያ የሃርድ ዲስኩ ገመድ፣ በ12 ቮልቱ መስመር የሚችለው 54 ዋት ነው። ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት ይስባል። አብዛኛው 580 ደግሞ የሚጠይቀው ባለ 8 ፒን ነው፤ እሱ እስከ 150 ዋት ይሄዳል። በዚህ ዴል ላይ ይባስ ብሎ ዲስኮቹ ኃይል የሚያገኙት በማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) በኩል ነው። ስለዚህ ነገር ከመጣ ገመዱ ብቻ ተቃጥሎ አይቀርም፣ ማዘርቦርዱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ደንበኛ ያመጣለትን ኮምፒውተር ሲገልጽ አጠገቡ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። የመሰኪያው ፕላስቲክ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተጋግሯል። በእጅ አልነቀል ብሎ በፒንሳ ነው የተሳበው። ከተነቀለም በኋላ ሁለቱ ፒኖች ከመሰኪያው ጋር ተከትለው ወጡ። መጨረሻ ላይ መልስ 2ን ቤት አቃጣይ ብሎ ዘጋ። አነጋገሩ ከረረ፤ ግን ውሃ የሚያነሳ ነገር የተናገረው እሱ ነው።

መልስ 4 የራሴ ነው። ከፍቼ አየሁት። እውነትም 290 ዋት ነው፣ ትርፍ ገመድ የለም። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውም የለመድነው ባለ 24 ፒን አይደለም፤ ባለ 8 ፒን ነው። ደላላውን ቆይ አልኩት።

መልስ 5 ለዚህም መላ አለው ባይ ነው። ከ24 ፒን ወደ 8 ፒን የሚያዞር ገመድ ለዚሁ ለዴል ተብሎ ይሠራል፤ በእሱ ተራ ፓወር ሳፕላይ መግጠም ይቻላል። ግን 500 ዋት ተብለው በየሱቁ ስለሚሸጡት ርካሾች የጻፈው ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ትታችሁ፣ የጎኑ ወረቀት ላይ ከ12 ቮልት ስር ያለውን አምፒር ፈልጉ ነው ምክሩ። እሱ የገዛው ላይ 18 አምፒር ይላል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው። 500 ተብሎ የተገዛው ዕቃ ያን 500 ለካርዱ የሚሰጥበት መንገድ የለም። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ይቺን ስሌት ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ 6 ስሌቱን ተወውና በእጅህ መዝነው፤ የከበደ ሁልጊዜ ደህና ነው የሚል ሽማግሌ ምክር ሰጠ። መልስ 7 ወዲያው አረመው። እሱ የፈታው አንድ ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ክብደት እንዲጨምር ብቻ የተጣበቀ ብረት አግኝቷል። መልስ 6 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 8 ወሬውን ወደ ሌላ መስመር ወሰደችው። ቀን አውቶካድ የምትሠራ፣ ማታ ጌም የምትጫወት እህት ናት፤ ኮምፒውተሯም ከእኔው ጋር አንድ ነው። ሁላችንም በካርድ ስንነታረክ ሃርድ ዲስኩን ማንም ዞር ብሎ እንዳላየው ታዘበች። ልክ ናት። ጂቲኤ 5 ውስጥ በፍጥነት ስትነዳ ሕንፃዎቹ ዘግይተው ብቅ የሚሉት፣ መንገዱም ጭቃ መስሎ ቆይቶ የሚጠራው በካርዱ ድክመት ብቻ አይደለም። ዲስኩ ፋይሉን ፈልጎ እስኪያመጣ ነው የምትጠብቀው። በ2025 የወጣው አዲሱ የጂቲኤ 5 ዕትም ጭራሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሌለህ አትምጣ ይላል። እሷ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ገጥማ ዊንዶውሱንም ጌሙንም ወደዚያ ካዛወረች ወዲህ ኮምፒውተሯ እንደ አዲስ ሆኖላታል።

ስለ ራምም ያነሳችው ቁም ነገር ነው። አንድ ፍሬ ራም ብቻ ሲኖር ፕሮሰሰሩ በአንድ በር ነው የሚመላለሰው። ሁለተኛ 8 ጊጋ ሲጨመር፣ ያውም ክሊፑ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ማስገቢያ ላይ ሲገባ፣ ሁለቱም በር ይከፈታል። ለእኔ ማሽን የሚሆነው ዲዲአር3 ብቻ ነው። ዲዲአር4 መሃሉ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለይ ቢገፉትም አይገባም። ከሰርቨር የወጣ፣ ሬጂስተርድ የሚባል ርካሽ ራምም አለ። ማስገቢያው ውስጥ ልክ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ሻጩ ይህን ላይነግርህ ይችላል። በ2025 መጨረሻ በዓለም ላይ የራም ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ገበያውን ሲያራቁቱት፣ አሮጌ ዲዲአር3 የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ማግኘት አይቸግረውም ብላ አጽናናችኝ።

መልስ 9 ሳታ ኤስኤስዲ መባሉን ሳያይ የገዛ ምስኪን ነው። ፈጣን ነው ሲባል ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ኤስኤስዲ ወሰደ። የእኔ ዓይነቱ ማዘርቦርድ ላይ ቦታው የለም። አሁን ዕቃውን ሸጦ ለመለወጥ ገዥ እየፈለገ ነው። ፈላጊ ካለ ጻፉለት።

ከመልስ 10 እስከ 13 የካርድ ጦርነት ነው። መነሻው አንድ ነገር ላይ መስማማት ነበር፤ ፓወር ሳፕላዩን ካልቀየርኩ፣ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚመጣው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የሚያዋጣኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ከማንም አልተስማማም። አንዱ በ2016 (በፈረንጆቹ) የወጣውን 1050 ቲአይ ያወድሳል፤ ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል። ሌላው ደርሶ የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ማውጣቱን በጥቅምት 2025 (በፈረንጆቹ) እንደሚያቆም፣ ከዚያ ወዲያ እስከ 2028 የደህንነት ማስተካከያ ብቻ እንደሚሰጥ ማስታወቁን አስታወሰ። የእኔ 750 ቲአይም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ግን ከዚህ ተርፏል።

ሦስተኛው አርኤክስ 6400ን ይዞ መጣ። አዲስ ነው፣ በ2022 የወጣ፣ የሚበላውም 53 ዋት ብቻ። አራተኛው ስስ ቦታውን አገኘው። ያ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት መስመር) 4 ባለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይህ አይጎዳውም። የእኔ 3 ነው፤ መንገዱ በግማሽ ይጠባል፣ 4 ጊጋው ሲሞላ መንተፋተፍ ይጀምራል። ቪዲዮ የሚቀዳበት ክፍልም አልተሠራለትም፤ ጌሙን እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ መጫን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። እዚህ ላይ አንተ አታውቅም፣ አንተ አታውቅም መባባል መጣ። እኔ ከ1650 ጎን ነኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ተሰጥቷል፤ አንዳንዱ 1650 ባለ 6 ፒን መሰኪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ከመክፈል በፊት የካርዱን ጫፍ ማየት ነው።

መልስ 14 ያሳዝናል። ከአንድ ሱቅ 1050 ቲአይ ብሎ የገዛው ካርድ ስሙ ብቻ ነበር 1050 ቲአይ። በዕድሜ በጣም የሚበልጠው ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ነው የተሸጠለት። ዊንዶውስ ራሱ 1050 ቲአይ ብሎ ያነበዋል። ጌም ሲከፈት ነው ጉዱ የወጣው። መልስ 15 መለያውን ነገረን። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ ካርዶችን ሐሰተኛ ብሎ ስማቸው ላይ ይጽፋል፤ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ መክፈት ነው። ሌላው ደግሞ ከኋላ ያለው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ነው። የ10ሩ ትውልድ ቺፕ በቀጥታ ቪጂኤ አያወጣም፤ ቀዳዳው ካለ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው። ሻጩ ሱቅ ውስጥ አላስከፍትም ካለ ውጡ። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው።

መልስ 16 ሁሉንም ሽጠህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ግዛና ረፍ ብሎ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ነገር ተረሳ። መልስ 17 ዶታም ካውንተር ስትራይክም በነፃ እንደሚወርዱ፣ ለፕሌይስቴሽን ግን ጌሙን መግዣ ሌላ ብር እንደሚያስፈልግ አስታወሰው። መልስ 18 የልጅነት ትዝታ ከፈተ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ተሸናፊ የሚከፍልበት፣ ያለቀ ጆይስቲክ የደረሰው ሰው ሰበብ የሚያበዛበት። ከዚያ የሁሉም ሰፈር መጣ፣ የሁሉም ጀግና መጣ። መልስ 19 ተናደደ። የተጠየቀው ስለ ኮምፒውተር ነው፣ ወሬ ያማረው ቡና ይጠጣ የሚል ይዘት ያለው ነገር ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። እኔም ሰፈሬን ጽፌያለሁ።

መልስ 20 ወደ 580 መለሰን። ያ ካርድ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለ። ኤትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲቀር፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያውን ሞሉት። 2048ኤስፒ የሚል ቅጥያ ያለው ደግሞ ስሙ 580 ይሁን እንጂ አቅሙ ወደ 570 የወረደ ነው። ከ2304 የሥራ ክፍሎች 2048ቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። ደላላዬን የካርዱን ፎቶ ላክ አልኩት። የላከው ላይ ያው ቅጥያ አለ።

መልስ 21 በዚሁ ተነስቶ መብራት የሚጠፋብን አገር ውስጥ ቢትኮይን የሚቆፍሩት እነዚህኑ ካርዶች እየተጠቀሙ ነው አለ። መልስ 22 አረመው፤ ቢትኮይን የሚቆፈረው ለዚያ ብቻ በተሠሩ ማሽኖች ነው፣ በጌም ካርድ አይደለም። እርማቱ ልክ ነበር፤ ድምፁ ግን መምህር ተማሪ የሚገስጽበት ነበር። ሰውየው ተከፋ። ከዚያ ስለ መብራት ኃይል የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተረፈው ምክር ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከግድግዳ ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩት። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከካርድ ማሻሻያ በፊት ይመጣል ያሉም ነበሩ። እኔ ዩፒኤሱን ብገዛ ለካርድ የሚተርፈኝ የለም።

መልስ 23 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ካለ ወንድማችን ነው። እዚያ ያገለገለ 1660 ሱፐር በደህና ዋጋ ስለሚገኝ፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አስገባልሃለሁ አለኝ። እግዜር ይስጠው። ግን መልስ 24 እንዳለው ያ ካርድ 125 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። ከድጡ ወደ ማጡ። ይኸው ሰው ከአሜሪካ በሰው እጅ ስለመጣ ፓወር ሳፕላይም ተረከልን። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። ማንም ሳያየው 115 ላይ እንዳለ እኛው 220 ላይ ተሰካ። ጧ! ቤቱ ጨለመ፣ አክስቱ እስከ ዛሬ ያን ክፍል በሌሊት አይገቡም። ቀልድ ይሁን እውነት አላውቅም፤ ማብሪያው ግን እውነት ነው።

30 ሺህ ብር ለምን እንዲህ ትንሽ እንደሆነ የጠየቀም ነበር፣ መልስ 25። በዚሁ ብር ድሮ ሙሉ ኮምፒውተር ይገዛ ነበር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ገበያ ሲከፈት ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ካርድ የሚገዛው በዶላር ነው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መልስ 26 ነገሩን ከስሩ እንንቀለው የሚል ነው። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ አዲስ ማዘርቦርድ፣ አርኤክስ 6600 ካርድ። ምርጫው አሪፍ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። 30 ሺህ ብር የሚለውን አላነበበውም እንጂ። መልስ 27 ይህንኑ በሦስት ቃል ነገረው፤ ሦስቱም አይጻፉም። ይልቅ እሱ ራሱ ያመጣው ሐሳብ የካውንተር ስትራይክ ችግሬን በትክክል ነካው። ያ ጌም ከካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩን ይጨንቃል። የእኔ አይ5 አራት ኮር፣ አራት ሥራ ብቻ ነው ባንዴ የሚይዘው። ኮር አይ7-4790 በዚያው ሶኬት ይገባል፣ በዚያው 84 ዋት ይሠራል፣ ስምንት ሥራ ይይዛል። ይህ ማሽን ከፋብሪካም ከእሱ ጋር ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) አይከለክለውም። ያገለገለ ካገኘሁ ካርዱን ከመቀየር እኩል ለውጥ ይሰጠኛል ባይ ነው።

መልስ 28 ምንም ሳልገዛ በፊት አቧራውን አስነፋ አለኝ። እሱ ወደ ሰፈሩ ጎሚስታ ይዞ ሄዶ በጎማ መንፊያው አስነፍቶታል። የወጣው አቧራ ጎሚስታውን ራሱን አስነጥሶታል። መልስ 29 ደነገጠች። ኮምፕረሰር ውሃ ይተፋል፣ ማራገቢያውም እየተሽከረከረ ከአቅሙ በላይ ሄዶ ይበላሻል። ብሩሽ ይበቃል፤ ማራገቢያውን በጣት ይዞ ማጽዳት፣ ከዚያ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ጠርጎ አዲስ መቀባት። ይህን አደረግሁ። የፕሮሰሰሩ አሮጌ ፔስት እንደ ደረቀ ሸክላ ተፈርፍሮ ነው የወጣው። ድምፁ በዚያው ቀን ቀነሰ፣ አንድ ብር ሳላወጣ ማለት ይቻላል።

መልስ 30 ዊንዶውስን አነሳ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ድጋፉ አብቅቷል። 11ዱ ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የእኔ 4ኛ ትውልድ ነው። በዘዴ አልፎ መጫን ይቻላል፤ ቫሎራንት የሚባለው ጌም ግን 11 ላይ ያለ ቲፒኤም 2.0 አይከፍትም። ለ10 ተጨማሪ የደህንነት ማስተካከያ እስከ ጥቅምት 2026 (በፈረንጆቹ) ተራዝሟል። ዶታና ካውንተር ስትራይክ ሊኑክስ ላይም ይሄዳሉ ያለ ሰው መጣ፣ መልስ 31 መሆኑ ነው። ስለ ሊኑክስ የጀመረው ክርክር እስከ አሁን አላለቀም፤ የፈለገ ይከታተለው።

የእኔ ሁኔታ እንዲህ ነው። ደላላውን አሰናበትኩት። ሳታ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ሁለተኛ 8 ጊጋ ራም ጨመርኩ፣ ያገለገለ 1650 ያለ ፒን አገኘሁ፤ ሱቁ ውስጥ ጂፒዩ-ዚ ከፍቼ ነው የከፈልኩት። ፓወር ሳፕላዩን አልነካሁም። ጂቲኤ አሁን ከተማውን ሳይንተፋተፍ ያመጣል። ካውንተር ስትራይክ ብዙ ተሽሏል፤ ሰው ሲበዛና ጭስ ሲከማች ግን አሁንም ይሰናከላል። መልስ 27 እንዳለው ፕሮሰሰሩ ነው። ብሩ ግን አልቋል፤ የቀረኝ 750 ቲአይ ብቻ ነው። እሱን ተቀብሎ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጨምሬ አይ7-4790 የሚለውጠኝ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፒኑ የተጣመመ ማዘርቦርድ ያላችሁ ግን አትጻፉልኝ፤ ሁለት ሰው ጠይቆኛል።